የሸንጎው ፈረስ

አንድ ዳኛ ነበረ። አዎ፣ እንዳንተው ዳኛ፤ ነገር ግን የእድር ዳኛ አልነበረም፤ የሸንጎ ዳኛ ነበረ።

ጓንጉል ልጄ፣ ጥያቄዬን ትቶ ተረት ጀመረ ብለህ ፊትህን አታጥቁርብኝ። ጥያቄህን ደህና አድርጌ ሰምቻለሁ። የእድራችሁ ድንኳን ጠፋ። ያዡ አናጢው ደርበው ነበርና «መልሻለሁ» ቢላችሁ አላመናችሁትም። ጉባኤ ጠራችሁ፤ አንተው በአፍህ «ከዛሬ ጀምሮ ከእድራችን ወጥቷል» አልክ፤ ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ተናገረ። ትናንት ደግሞ ድንኳኑ ከታችኛው ሰፈር እድር ዕቃ ቤት ተጣጥፎ ተገኘ። ሁለቱ እድሮች አንድ ላይ የቀበሩ ዕለት ተቀላቅሎ ሄዶ ኖሯል። ይህን የምታውቁት አንተና የዚያ እድር ጸሐፊ ብቻ ናችሁ። የደርበው እናት አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ ዛሬ ቢያርፉ የሚቀብራቸው እድር የለም። አንተም እንቅልፍ አጥተህ መጣህና «የኔታ፣ ዳኛ የፈረደውን መልሶ ካፈረሰ ምን ክብር ይቀረዋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደለም ወይ?» አልከኝ። ጥያቄህ ይህ ነው። እንግዲህ ቁጭ በልና ስማ።

ሸንጎ ስልህ በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው ያ ችሎት ትዝ እንደሚልህ አውቃለሁ። እሱን ለጊዜው ተወው። እኔ የምነግርህ ስለ ዱሮ አይሁድ የሸንጎ ሥርዓት ነው፤ ሰዎቹ ሁልጊዜ ባይጠብቁትም ሥርዓቱ መልካም ነበር። ዳኛውንና ጉዳዩን ለምሳሌ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ሆኗል ብለህ ለሰው እንዳታወራ።

የሸንጎው ሽማግሌዎች ሰባ አንድ ነበሩ። የሰው ነፍስ ጉዳይ ሲመጣ ሃያ ሦስት ሆነው ቢቀመጡ ይበቃ ነበር። አቀማመጣቸውም በመደዳ አይደለም፤ እንደ አውድማ ግማሽ ክብ ሠርተው ነው፤ አንዱ የሌላውን ፊት እንዲያይ። በነፍስ ጉዳይ መጀመሪያ የሚናገረው ታናሹ ነው። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረማ ታናሹ ምን አፍ አለው? ሰውን ነፃ ለማውጣት ያው ቀን ይበቃል፤ ለሞት ግን ማደር አለባቸው። በሞት የሚፈርዱ ዕለት ደግሞ እህል አይቀምሱም።

ይህም አልበቃቸውም። ሁለት ምስክሮች ማየታቸው ብቻ ሰውን አያስገድልም። ሰውየው ከመግደሉ በፊት «ተው፣ ይህ ነገር በሞት ያስቀጣሃል» ብለው ማስጠንቀቅ አለባቸው። እሱም ሰምቶ «አውቃለሁ፤ ቢሆንም አደርገዋለሁ» ብሎ መመለስ አለበት። ትስቃለህ፤ ሳቅ። እንዲህ ከሆነማ በማን ሊፈረድ ነው ማለትህ ነው። እነሱም የፈለጉት እሱኑ ነው። በሰባት ዓመት አንድ ሰው የገደለ ሸንጎ አጥፊ ሸንጎ ይባል ነበር አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ፍርዱ ተነግሮ ሰውየው ወደ መወገሪያው ሲወሰድ፣ ጨርቅ የያዘ ሰው በሸንጎው በር ላይ ይቆማል። ሌላ ሰው በተጫነ ፈረስ ላይ ሆኖ ጨርቁ ከሚታይበት ሩቅ ቦታ ይጠብቃል። አዋጅ ነጋሪው ከፊት ከፊት እየሄደ የሰውየውን ስም፣ ጥፋቱንና የመሰከሩበትን ሰዎች ይናገራል፤ «ለዚህ ሰው የሚበጀውን የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይናገር» ይላል። አንድ ሰው እንኳ «የምለው አለኝ» ብሎ ከሸንጎው በር ከደረሰ ጨርቁ ይውለበለባል፤ ፈረሰኛው ጋልቦ ያስቆማቸዋል። ሰውየውም ተመልሶ ይመጣል።

ወደ ዳኛዬ ልመለስ። ይህ ዳኛ ሃያ ዓመት በሸንጎው ተቀምጧል። የሚናገረው በመጨረሻ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚናገር የለም። አንድ ቀን እንኳ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ሕዝቡ «እሱ የፈረደው ፈረደ» ይላል፤ ይህ ስም ደግሞ ጣፍጦት ነበር። ማንንስ አይጣፍጠው? አንተም ሰፈር ውስጥ ስታልፍ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ሲልልህ አይቻለሁ፤ ነጠላህን እንዴት እንደምታስተካክልም አይቻለሁ።

አንድ ቀን አንድ ድንጋይ ጠራቢ ሰው ገደለ ተብሎ ቀረበ። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። የሞተው አብሮት የሚሠራ ጠራቢ ነበር፤ ከገደሉ ሥር ራሱ ተፈንክቶ ተገኝቷል። ሁለት ምስክሮች ለየብቻ እየገቡ ተጠየቁ። የሁለቱም ቃል አንድ ነበር፦ «መዶሻ ይዞ በሟቹ ላይ ጎንበስ ሲል አየነው። እኛ ከኋላው አርባ እርምጃ ያህል ርቀን ነበርን። ‹ተው፣ በሞት ትቀጣለህ› ብለን ጮኽንበት። ወደ እኛ ዘወር ሳይል ‹አውቃለሁ፤ ቢሆንም አደርገዋለሁ› አለና መታው።»

ምስክሮቹ ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ወደ ዳኞቹ፣ ጀርባቸው ወደ ድንጋይ ጠራቢው ነበር። ሲጨርሱ ዳኛው ድንጋይ ጠራቢውን «የተናገሩብህን ሰማህ?» አለው።

ድንጋይ ጠራቢው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«ታዲያ ምን ትላለህ?»

«እኔ አልገደልኩትም። ከላይ ወደቀ፤ ላነሣው ብዬ ጎንበስ አልኩ። መዶሻውም ከእጄ አልወጣም ነበር» አለ።

ስለ ማስጠንቀቂያው አንድ ቃል አልመለሰም። ዳኛው ይህን ልብ አለ። ተራው ደርሶ ሲናገርም የተናገረው ይህንኑ ነው፦ «ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚለው ‹ማንም አላስጠነቀቀኝም› ነበር። ይህ ሰው ግን ሲነገርበት ሰምቶ ዝም አለ።» ነገሩ የሚያሳምን ነበርና ያመነቱት አመኑ። አደሩና በማግስቱ ድምፅ ሰጡ። ለነፃነት አሥር፣ ለሞት አሥራ ሦስት ሆነ። ተፈረደበት።

ወታደሮቹ ይዘውት ሲወጡ መደረቢያውን ከቆመበት ቦታ ረስቶት ነበር። የበሩ ጠባቂ አነሣውና ከኋላው «አንተ ሰው፣ ልብስህን!» ብሎ ጠራው። አልዞረም። ደግሞ ጠራው። አዳራሹ የድንጋይ አዳራሽ ነውና ድምፁ አስተጋባ፤ ዳኞቹ እንኳ ቀና ብለው አዩ። ድንጋይ ጠራቢው አልዞረም። በመጨረሻ ጠባቂው ሮጦ ትከሻውን ሲነካው ደንግጦ ዞረ፤ ልብሱን ተቀበለና እጅ ነሥቶ ወጣ።

ዳኛው ይህን አየ። በመጀመሪያ «ሞት የተፈረደበት ሰው ምን ይሰማል» ብሎ ለራሱ ነገረው። መልሱ ጥሩ መልስ ነበር፤ ልቡ ግን አልተቀበለውም። ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ጠራቢው ዓይኑን ከእሱ አፍ ላይ አልነቀለም ነበር። ዳኛው ድፍረት መስሎት ተቀይሞት ነበር። ድፍረት ባይሆንስ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ በጆሮው ሥር የሰማ ሰው ነው። ጆሮው ሄዶ ቢሆንስ? ታዲያ አርባ እርምጃ ርቀው ከኋላው የጮኹበትን እንዴት ሰማ? ሳይዞር እንዴት መለሰ?

ነገሩም እንዳሰበው ነበር። ድንጋይ ጠራቢው መስማት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ለማንም አልተናገረም፤ ቢታወቅበት አለቃው ያባርረዋል። ድንጋይ ሲናድ «ሽሽ» ቢሉት የማይሰማውን ሰው ከገደል ሥር ማን ያሠራል? ደግሞም በእነሱ ዘንድ ጆሮ የሌለው ሰው ለምስክርነት አይቆምም ነበርና ከሙሉ ሰው እንዳይጎድል ፈራ። ስለዚህ የሰው ከንፈር እያየ መመለስ ለመደ። ያልገባው ነገር ሲሆን ደግሞ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ታውቃለህ። «ደህና ነህ?» ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ «ቤትህ ተቃጠለ» ብትለውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እንስቅበታለን እንጂ ምን ያህል እንደሚያፍር አናስብም።

ዳኞቹ ተነሥተው ጾማቸውን ሊፈቱ እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። አንዱ ወዳጁ «ና እንጂ፣ እህል ቅመስ» አለው። ዳኛው «መጣሁ» አለና ከወንበሩ አልተነሣም።

እዚህ ላይ ልብህን ስጠኝ። ዳኛው ያን ጊዜ ያሰበውን አንተ ትናንትና አስበኸዋል። «ሃያ ዓመት ያላጠፍኩትን ቃል ዛሬ ባጥፍ ምን ይሉኛል? ነገ የምፈርድበት ሰው ‹ነገ ይለውጠዋል› አይልም? ደግሞ ብሳሳትስ? ጆሮው ደህና ቢሆንስ? ለፋፊው እየጮኸ አይደል፤ የሚያውቅ ሰው ካለ ይመጣል» አለ። እውነት ነው፤ ለዚህ ነበር አዋጅ ነጋሪ ያቆሙት። ዳኛውም ሌላ ሰው ይምጣ ብሎ ጠበቀ። የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ከግንቡ ውጭ እየራቀ ሄደ። ማንም አልመጣም። ዘመድ ለሌለው ሰው ማን ይመጣል?

ድምፁ ሊጠፋ ሲል ዳኛው ተነሣ። በታጠቡት ዳኞች መካከል አልፎ ወደ በሩ ሄደ። ጨርቅ ያዡ አይቶት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባታችን፣ ምን ልታዘዝ?» አለው።

«ጨርቁን አውለብልብ።»

«የሚናገር ሰው መቼ መጣ? እኔ ያየሁት የለም።»

«እኔ መጣሁ።»

ሰውየው ግራ ገባው። «እርስዎማ የፈረዱት ነዎት» አለ።

«እሱ ነው ያመጣኝ። ቶሎ በል።»

ጨርቅ ያዡ ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ቆሟል፤ አንድ ቀን እንኳ አውለብልቦ አያውቅም። ጨርቁ መጀመሪያ ክንዱ ላይ ተጠመጠመበት። ፈታውና ከፍ አድርጎ አውለበለበው። ፈረሰኛው አየ። ፈረሱ ሲነሣ መንገደኛው ሁሉ ወደ ዳር ሸሸ።

ፈረሰኛው ሲደርስ ድንጋይ ጠራቢው ከመገደያው አሥር ክንድ ያህል ቀርቶት ቆሟል። በዚያ ቦታ ላይ ሰውየው ኃጢአቱን እንዲናዘዝ መንገር ሥርዓታቸው ነው። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው ይነግሩታል፤ እሱ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አፍ ያያል። ምን እንደሚሉት አልገባውም። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ፈረሰኛው «መልሱት!» እያለ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

ሃያ ሦስቱ ዳኞች እህሉን ትተው እንደገና ተቀመጡ። ያኮረፉ ጥቂቶች ይንሾካሾኩ ነበር። ዳኛው ያሰበውን ሁሉ ነገራቸውና «አሁን ከኋላው ሆኜ አንድ ቃል እናገራለሁ። ሰምቶ ከዞረ እኔ ቃላችሁን በከንቱ አስቁሜአለሁና ፍርዱ ይጽና፤ እኔም ከዚህ ወንበር ልነሣ። ካልሰማ ግን ምስክሮቹ ያሉት አልሆነም» አለ። ተስማሙ።

ድንጋይ ጠራቢውን ፊቱን ወደ በሩ አዙረው አቆሙት። አዳራሹ አርባ እርምጃ አይሞላም፤ ዳኛው አሥር ብቻ ቆጥሮ ራቀ። ከዚያም በሙሉ ድምፁ «ነፃ ነህ፤ ወደ ቤትህ ሂድ» አለ።

ዳኞቹ ሰሙ። ጸሐፊዎቹ ሰሙ። በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ሰምቶ አጉረመረመ። ድንጋይ ጠራቢው ብቻ አልሰማም። ትከሻውን ሰብስቦ፣ ደጁን እያየ፣ የሚወስዱትን ሰዎች እየጠበቀ ቆሞ ነበር። ሞት ለተፈረደበት ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን ቃል አለ? ጆሮ ቢኖረው በዚህ ቃል አይዞርም ነበር?

ዳኛው እንባው መጣ። ዞሮ በሰውየው ፊት ቆመና ቀስ ብሎ ያንኑ ቃል ተናገረ። ድንጋይ ጠራቢው ከንፈሩን አየ። ራሱን ሊነቀንቅ ጀመረና ተወው። ከዚያም በዚያ ሁሉ ዓመት ለማንም ብሎት የማያውቀውን ነገር አለ፦ «አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ።»

ዳኛው ደገመለት።

ምስክሮቹ ተጠርተው ተጠየቁ። ታላቁ አልቅሶ «ጎንበስ ብሎ አየነው፤ በእጁ መዶሻ ነበር፤ ገድሎታል ብለን በእውነት አመንን። ማስጠንቀቂያ ከሌለ ሸንጎው እንደማይፈርድ ስለምናውቅ እሱን ጨመርንበት» አለ። እንግዲህ እይ፤ ክፉዎች አልነበሩም፤ ሕጉን ማወቃቸው ነው ያሳታቸው። እውነት የመሰላቸውን ነገር ሙሉ እንዲሆን ብለው በሐሰት ደገፉት። በኋላ ምን እንደተደረጉ አትጠይቀኝ፤ ብነግርህ እሱን ብቻ ይዘህ ትሄዳለህ።

የዳኛው ክብርስ? የመጣህበት ነገር ይህ ነውና ልንገርህ። ለጥቂት ቀን በገበያ ተወራበት፤ «ሽማግሌው ዘባረቀ» ያሉም ነበሩ። በዓመቱ አንዲት ባልቴት ልጇ ተከሶባት ወደ ሸንጎው መጣች። ጉዳይሽን ማን ይይልሽ ቢሏት «ያን የፈረደውን ሊያስመልስ በር ላይ የወጣውን ሰው ስጡኝ። እሱ ፊት እውነቴን ብናገር ተስፋ አለኝ» አለች። ሃያ ዓመት «እሱ የፈረደው ፈረደ» ሲባል አንድም ሰው እንዲህ ብሎት አያውቅም ነበር።

ጓንጉል ልጄ፣ ምሳሌው ላንተ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ብለኸኛል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ይህን ስላወቁ አፋፉ ላይ ፈረስ አቆሙ። ፈረሱን የጫኑት ሌላ ማንንም ሊይዙበት አይደለም፤ የገዛ አፋቸውን ቃል ሮጠው እንዲደርሱበት ነው። ሃያ ሦስት ሽማግሌ፣ ጾሞ፣ አድሮ፣ ምስክር መርምሮ ፈረደ፤ ከዚያም «ሰዎች ነን፤ ተሳስተን ይሆናል» ብሎ ፈረስ አቆመ። እኛ ደግሞ አንድ ከሰዓት ተሰብስበን፣ ሦስት ሰው ተናግሮ፣ ሌላው እጁን አውጥቶ የፈረድነውን የማይነካ እናደርገዋለን። አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል፤ ዳኛ ሲሆን ግን አንገቱ የደረቀ ብዙ ነው።

የዚያ እድር ጸሐፊ ይናገር ይሆናል ብለህ ከጠበቅህ ተሳስተሃል። እሱም አንተን እየጠበቀ ነው። ደርበውም ቢሆን ዝም ያለው ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም፤ «መልሻለሁ» ብሏችኋል፤ ከዚያ በላይ ምን ይበል? ለእሱ የሚበጀውን የምታውቀው አንተ ነህ። የፈረድክበትም አንተ ነህ። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውን እንደ ውርደት አትየው፤ እግዚአብሔር ላንተ ያደረገልህ ቸርነት ነው። ድንኳኑ እናቲቱ ካረፉ በኋላ ተገኝቶ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?

ጉባኤውን ለእሁድ ጥራ። ያው ጥሩምባ ነፊ በዚያው መንገድ ዞሮ ይናገር፤ ያን ጊዜ በጮኸበት ልክ ይጩህ እንጂ እንዳታስለሰልሰው። ከእሁድ በፊት ግን ዛሬውኑ ወደ ደርበው ቤት ሂድ፤ ሰው አትላክ። ገብተህ እናቱን ሰላም በል። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቁምና «ተሳስተናል፤ ያንተው እድር ነው» በለው። ሰውየው የደነገጠ ነው፤ ላያምንህ ይችላል። ዝም ቢልህ እንዳትቀየመው፤ ድገምለት።